ራስ መኮንንና የውጫሌው ወረቀት



በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ማለት ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ግቢ የሚሠሩበት ቦታ ነው። ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣቶች እዚያ ልብስ ይሰፋሉ። ለውጭ አገር የተሰፋው ልብስ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይወጣል። ይህ የምሥራቅ መንገድ ለአገራችን ድሮም በር ነበር። ዛሬ የምናጫውታችሁ ያንን በር ለ19 ዓመት ያህል ስለ ጠበቁ ሰው ነው። ስማቸው ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ይባላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ የተጻፈው ዓመት ሁሉ በእኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ነው።

ትውልድና ዕድገት

ራስ መኮንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ስለዚህ መኮንን ለምኒልክ የአክስት ልጅ ይሆናሉ። ገና በልጅነታቸው ወደ ምኒልክ ቤት ገቡ። የመንግሥትን ሥራ እዚያው እያዩ አደጉ።

የሐረር ገዥ

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወደ ሐረር ዘመቱ። በዚያን ጊዜ ሐረርን ይገዙ የነበሩት አሚር አብዱላሂ ናቸው። ጨለንቆ ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ። ብዙ ሰው አለቀ። የአሚሩ ጦር ተሸነፈ፤ ከተማይቱም ተያዘች። ምኒልክም መኮንንን ደጃዝማች ብለው የሐረር ገዥ አደረጓቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 35 አልሞላም ነበር።

ሐረር የንግድ ከተማ ነበረች። ቡናውና ቆዳው በዚያ አልፎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ጨርቁና ጠመንጃው ደግሞ ከባሕር ወደ ደጋ ይወጣል። ከሚያልፈው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይሰበሰባል። የውጭ አገር ነጋዴውም መልእክተኛውም በዚያው ያልፋል። በዚህ ምክንያት መኮንን ከጦር አዛዥነት ሌላ የውጭ ጉዳይ ሰውም ሆኑ።

የውጫሌ ውል

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ውጫሌ ላይ ውል ተዋዋሉ። ውል ማለት ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈርሙበት ወረቀት ነው። የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ይባል ነበር። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ በአማርኛና በጣሊያንኛ።

ከዚያ በኋላ መኮንን የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ባሕር ተሻገሩ፤ ኢጣልያም ደረሱ። እዚያም በመስከረም 1882 ዓ.ም. በውሉ ላይ ተጨማሪ ስምምነት ፈረሙ። ለኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር እንዲሰጥ ተስማሙ። ሊሬ የኢጣልያ ገንዘብ ነበር። የብድሩ መያዣ ምን ነበር? የሐረር ጉምሩክ ነው። ደግሞም ድንበሩ እያንዳንዱ ወገን በእጁ በያዘው መሬት መሠረት ይለይ ተባለ። ይህች ቃል ቀላል ትመስላለች። ጣሊያኖች ግን እሷን ይዘው እስከ መረብ ወንዝ ገፉ።

የባሰው ነገር በዋናው ውል ውስጥ ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ያደርጋሉ፤ ባይፈልጉ ይተዋሉ ማለት ነው። በጣሊያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። እንግዲህ ልዩነቱን አያችሁ? «ትችላለህ» እና «አለብህ» አንድ አይደሉም። በራሱ አፍ መናገር የማይፈቀድለት አገር የሌላ አገር ጥገኛ ነው።

ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። በአዲስ አበባ ግን ይህን ያወቀ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ስለ ንግሣቸው ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በ1882 ዓ.ም. ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ መልስ መጣ። መልሱ የምትልኩት ሁሉ በኢጣልያ በኩል ይምጣ የሚል ነበር። የአንቀጹ ተንኮል ያን ጊዜ ተገለጠ።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንቶኔሊ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ግን ቃሉን አንቀበልም አሉ። በመጨረሻም በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን ሰረዙ። ብድሩንም ከፈሉ።

ጦርነት

ኢጣልያ በጦር መጣች። ራስ መኮንንም ከሐረር ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ዘመቱ። በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የኢጣልያ ጦር ተመታ። ቀጥሎ መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ ተከበበ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የምሽጉ ውኃ ተያዘ። ጠላት በውኃ ጥም ተቸግሮ ምሽጉን ለቀቀ። አፄ ምኒልክም በሰላም እንዲሄዱ ፈቀዱ፤ የሸኟቸው ራስ መኮንን ናቸው። ከዚያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ሆነ። ራስ መኮንን በዚያም ተዋግተዋል።

በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ። የውጫሌ ውል ፈረሰ። ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት አወቀች። እንግዲህ አስቡት፤ የአንድ ቃል ጠብ ስንት ሺህ ሰው በላ!

እንደገና ወደ ወረቀት

ከድሉ በኋላ ራስ መኮንን የጦር መሣሪያ አስቀምጠው እንደገና ወደ ድርድር ገቡ። በ1889 ዓ.ም. ሮድ ከሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር ሐረር ላይ ተነጋገሩ። ነገሩ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ድንበር ነበር። በስምምነቱ ውስጥ ለከብት አርቢ የሚጠቅም ቃል ገባ። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሣዎች በሁለቱም በኩል ከብት ማሰማራትና ከጉድጓዱ ውኃ መቅዳት ይችላሉ ተባለ። ይሁንና መስመሩ ሲሰመር አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው አልተጠየቁም። የድንበሩ ጣጣ ለልጅ ልጆቻቸውም ተርፏል።

በ1894 ዓ.ም. ራስ መኮንን ኢትዮጵያን ወክለው ለንደን ሄዱ። የንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ነበር። ንጉሡ ታመው በዓሉ እስከ ነሐሴ ዘገየ። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ገባ። ያ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ራስ መኮንን ግን ያን አላዩም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት በ1886 ዓ.ም. አርፈው ነበር። ልጃቸውን ተፈሪን በሐረር አስተማሩ። አማርኛና ግዕዝ ብቻ በቂ አይደለም ብለው ፈረንሳይኛም እንዲማር አደረጉ። ያ ልጅ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ናቸው። ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ቁልቢ ላይ አረፉ። ዕድሜያቸው 54 አልሞላም ነበር። ሐረር፣ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

ለእኛስ ምን ይበጀናል?

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ይህን ታሪክ የመረጥነው በምክንያት ነው። የአገር ውልና የአንድ ሰው ውል በመጠን ይለያያሉ እንጂ ጠባያቸው አንድ ነው። ቦሌ ለሚ ሥራ የምትገባው እኅታችንም ወረቀት ይቀርብላታል። መሬቱን የሚያከራየው ገበሬም ይቀርብለታል። ብድር የሚወስደውም እንዲሁ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል እነዚህን መግለጽ አለበት፦ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፤ የደመወዙን መጠን፤ እንዴትና መቼ እንደሚከፈል፤ ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ። እነዚህን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ፈልጉ። «ይችላል» የሚለውንና «አለበት» የሚለውን ለዩ። ወረቀቱ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅና የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። ካልገባችሁ አትፈርሙ፤ ለነገ አሳድሩት። የፈረማችሁትን ቅጂ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ!

ተወያዩበት

1. «ይቻላቸዋል» እና «ግዴታ ነው» በምን ይለያሉ?
2. የሐረር ጉምሩክ የብድር መያዣ መሆኑ ምን አደጋ ነበረው?
3. በቤታችሁ የተፈረመ ወረቀት አለ? አውጡና ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።