የትኛው ትራክተር ለየትኛው ማሳ?

ለአነስተኛ ገበሬ ትልቅ ትራክተር ይሻላል ወይስ ትንሽ የሚለው ክርክር ዓመት ከዓመት ይነሳል። አንዱ ወገን ባለ 12 ወይም ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለሁለት ጎማውን ይመርጣል። ሌላው ገበሬው ይደራጅና ባለ 80 እና ከዚያ በላይ የሆነው ይግባለት ይላል። ሁለቱም የሚነሱት ከገበሬው ጠቅላላ ይዞታ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከአንድ ሄክታር ብዙም የማይርቅ መሬት ስላለው፣ ይኼ ይበቃዋል ያኛው ይበዛበታል እየተባባሉ ይሟገታሉ። እኔ እንደማስበው ግን ትራክተር ዋጋውን የሚያወጣው ወይም የሚከስረው በእያንዳንዱ ማሳ ርዝመትና አቀማመጥ ነው። ይህ ደግሞ በክርክሩ ውስጥ እምብዛም አይሰማም።

አንድ ሄክታር አለው የሚባለው ገበሬ ብዙ ጊዜ መሬቱ አንድ ላይ አይገኝም። አንዱ ጥማድ ጓሮው ላይ ነው፣ ሌላው ከወንዝ ማዶ መረሬው ላይ፣ ሦስተኛው ከተዳፋቱ ሥር። ይህ የሆነው በስህተት አይደለም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሲከፋፈል፣ በአማራ ክልልም በ1989 እንደገና ሲሸነሸን፣ ለሙም ጠፉም ለሁሉም እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ለገበሬውም ዋስትና ነው፤ ውሃ የተኛበት መረሬ ቢከዳው ተዳፋቱ ያተርፈዋል። በላዩ ላይ ውርስ ተጨመረና ቁራጩ ዳግም ተቆረጠ።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። ሃምሳ ሜትር በሃምሳ ሜትር የሆነ ማሳ ሩብ ሄክታር ነው። ማረሻው በአንድ ጉዞ አንድ ሜትር ስፋት ቢገለብጥ፣ ትራክተሩ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ 49 ጊዜ ይዞራል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ማረሱ ራሱ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አንዱን መዞር 20 ሰከንድ ብንለው፣ ለመዞር ብቻ 16 ደቂቃ ይሄዳል። ያው ሩብ ሄክታር 25 በ100 ሜትር ቢሆን ኖሮ መዞሩ 24 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ስምንት ደቂቃ። መሬቱ ያው፣ ትራክተሩም ያው፣ ብክነቱ ግን በግማሽ ያንሳል። ዳር ዳሩ ሳይታረስ የሚቀረውን፣ የጎረቤትን ወሰን ላለመንካት የሚደረገውን ጥንቃቄና ወደሚቀጥለው ማሳ የሚኬደውን መንገድ ገና አልቆጠርንም።

የዚህ ሁሉ ዳፋ የሚታየው በኪራይ ላይ ነው። ዋጋው በሄክታር ከተቆረጠ፣ ባለ ትራክተሩ በትንሿ ማሳ ላይ ነዳጁንም ጊዜውንም ይከስራል። ስለዚህ ያመነታል፣ ያዘገያል፣ ሰፊውን ያስቀድማል። በሰዓት ከተቆረጠ ደግሞ የመዞሩን ሁሉ ገበሬው ይከፍላል። ሹፌሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። በሰኔ ዝናቡ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሲያጣድፍ፣ ወረፋው ማን ቀድሞ ተመዘገበ ሳይሆን የማን ማሳ ያዋጣል በሚለው ይያዛል።

በአርሲና በባሌ ሜዳ ኩታ ገጠም የተዋጣለት ለዚህ ነው። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ስንዴ ለመዝራት ይስማማሉ፣ ትራክተሩም ከጫፍ ጫፍ ሳይቋረጥ ይሄዳል። እዚያ ትልቁ ትራክተር ያዋጣል፤ አልጠራጠርም። ነገር ግን ኩታ ገጠም ሜዳ ይፈልጋል፣ አንድ ሰብልና አንድ የዘር ወቅትም ይፈልጋል። በሰሜን ሸዋና በወሎ እርከኖች ላይ ባቄላን ከጤፍ እያፈራረቀ ለሚኖር ሰው ይህን መንገድ እንደ ብቸኛ መፍትሔ ማቅረብ አይገባም።

ትንሹም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። ባለሁለት ጎማው ጠባብ ቦታ ይገባል፣ እዚያው ይዞራል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ ውሃ ይስባል፣ መውቂያ ያንቀሳቅሳል፤ ወጪውን የሚመልሰውም በአብዛኛው በእነዚህ ሥራዎች ነው። በደረቀ መረሬ ላይ ግን ክብደቱ ስለማይበቃው ጎማው ይንሸራተታል። በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሄክታር የሚያርስ ሰው ደግሞ ከኋላው ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ይሄዳል። በመካከል ያለው ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለአራት ጎማ፣ መንገድ ባለበትና መለዋወጫው ቅርብ ከሆነ፣ ከሁለቱም ወገን ከሚነገርለት በላይ ሊታሰብበት ይገባል ባይ ነኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በወረፋው መጨረሻ የሚቀረው ሰው ነው። በብዙ አካባቢ ሴት ሞፈር አትይዝም። ባሏ የሞተባት እናት በሬም አራሽም ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፣ ከምርቱም ግማሹን ታጣለች። ትራክተር ከማንም በላይ ሊጠቅም የሚችለው እሷን ነበር፤ ማሳዋ ግን ትንሽና ተነጥሎ የቀረ ስለሆነ ማንም አያስቀድምላትም። ይልቁንም ትራክተር ያለው ሰው መሬቷን ተከራይቶ ከሌላው ጋር ያያይዘዋል። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በአርሲው ጭላሎ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነስተዋል። ዛሬ መሬት አይሸጥም፤ ያ በዚያው መልክ አይደገምም። በኪራይ በኩል ቀስ ብሎ መሰባሰቡን ግን ሕጉ ብቻውን ያቆመዋል ብዬ አላምንም።

የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ገበሬዎች ማሳቸውን በፈቃዳቸው እንዲለዋወጡ ያበረታታ ነበር። ለም መሬቱን በማያውቀው አፈር መለወጥ የሚያስፈራው ገበሬ ሊፈረድበት አይገባም። ሳይለዋወጡም ግን የሚሠራ ሥራ አለ። ወሰንተኞች የእርሻውን አቅጣጫ ተስማምተው አንድ ላይ ማሳረስ ይችላሉ። ኪራዩም ለትንሿ ማሳ የመግቢያ ክፍያ ቢኖረውና የአቅመ ደካሞችን ድርሻ ማኅበሩ ቢሸፍን፣ ባለ ትራክተሩ የሚሸሽበት ምክንያት ይቀንሳል። የእያንዳንዱን ማሳ ቅርጽና ስፋት የሚያሳየው ካርታ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በተሰጠባቸው ወረዳዎች መሬት ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ትራክተር ለመግዛት የተደራጀ ማኅበር ከሻጩ ጋር ስለ ፈረስ ጉልበት ከመነጋገሩ በፊት ያንን ካርታ ጠይቆ ማየት ይኖርበታል።