ጎሜ፦ ቤት ድረስ የሚከተል ጥፋት

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች መገደላቸውና መፈናቀላቸው ሲሰማ፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች መንገድ ሞሉ። ብቀላው ምንም ወደማያውቁ የከተማው ነዋሪ ኦሮሞዎችና ወደ ንብረታቸው ሊዞር ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ፎቶውን ብዙዎቻችን አይተን «እንዴት ያሉ ታዛዥ ልጆች!» ብለናል። ነገሩ ግን ከመታዘዝም ያልፋል።

ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነ በኋላ አልፎት መሄድ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ነው። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ «ነውር» ያንሳል፤ «ኃጢአት» ደግሞ ሒሳቡን ለወዲያኛው ዓለም ያቆየዋል። ጎሜ ግን የሚከፈለው እዚሁ ነው። ወጋ የሚባለውን የአባቶች ሥርዓት የጣሰ ሰው ጦሱ በሕመም፣ በከብት መምከን ወይም በአዝመራ መበላሸት ይደርስበታል ተብሎ ይታመናል። ያውም እሱን ብቻ አይደለም፤ ልጁን፣ ቤቱን፣ ሲብስም አገሩን። ስለዚህ ችግር በተደራረበበት ቤት ሽማግሌ ሲመጣ «ምን አጥፍታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥፋቱ ይነገራል፣ የተበደለው ይካሳል፣ እርቅ ይወርዳል። ከቤት ያለፈውን ጉዳይ ሕዝቡ በዱቡሻ፣ ማለትም በመሰብሰቢያው ሜዳ፣ ተቀምጦ ያየዋል።

በምዕራብ አፍሪካ ያሉት ዮሩባዎችም «ገበያ መሃል ድንጋይ የወረወረ የገዛ ዘመዱን ይመታል» ይላሉ። «አመድ የሚከተለው የበተነውን ነው» የሚልም አላቸው። እኛ በተረት የምንሰማውን ጋሞዎች በሸንጎ ይዳኙበታል፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

በእርግጥ የሚጎረብጥ ነገርም አለው። የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ እናቱም በልጇ ሕመም ልትጠረጠር አይገባም። ጴንጤ የሆኑ ብዙ ጋሞዎችም የጎሜን ሥርዓት ትተውታል።

እኔን የያዘኝ የኑዛዜው ነገር ነው። በየቤታችን ብርጭቆ ሲሰበር «ማነው የሰበረው?» እንላለን፣ ያመነው ይገረፋል፣ የካደው ያመልጣል። ልጁም መደበቅን ይለምዳል። በጎሜ ግን የተደበቀው ነው የሚከፋው፤ የተናገረ ይቀለዋል።

በበዓል ሰሞን ቤተሰብ ይዘው አርባ ምንጭ ከወረዱ፣ ከሐይቆቹና ከአዞው መልስ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ተራራ ይውጡ። ሽመናውን አይተው ሲጨርሱ ዱቡሻው የት እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ አባት ካገኙም ጥያቄውን ለልጅዎ ይተዉለት፦ «አባባ፣ ጎሜ ምንድን ነው?»