«አፕዴት አድርጉ» የሚለው መልእክት ከየት መጣ?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች አቤቱታ ያስጻፈ ሰው ያውቀዋል። ሰው ከኢሜይሉ ሰነድ ያወርዳል፣ ፍላሹን ይሰካል፣ ቀጠሮው ስለደረሰ አካውንቱን ሳይዘጋ ተነሥቶ ይሮጣል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ በቀን የስንቱ ሰው ጉዳይ እንደሚያልፍ አስቡት። ዛሬ ስለ ብሮውዘር ጠለፋ የምጽፍላችሁ ይህ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ምልክቱ ቀላል ይመስላል። ክሮምን ስትከፍቱ ያልመረጣችሁት ገጽ ይመጣል፣ ጉግል ላይ የፈለጋችሁት ነገር በማታውቁት ሌላ ገጽ ዞሮ ይወጣል። ብዙዎቻችን «ማስታወቂያ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ የሚይዘው ፈቃድ በምንከፍታቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ የሚያስችል ነው። ፍለጋችሁን የሚያዞረው እጅ ኢሜይላችሁንም ማንበብ፣ የባንክ ገጽ ላይ የምትጽፉትንም ማየት ይችላል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ቼክ ፖይንት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ፋየርቦል የሚባል ጠላፊ ፕሮግራም 250 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ውስጥ እንደገባ ገምቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ቁጥሩ ተጋኗል ብሏል። የአገባቡ መንገድ ግን አላከራከረም፤ ሰዎች በነጻ ካወረዷቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተጠቅልሎ ነው የገባው። እኛ አገር ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ስለሚዞር ይህ መንገድ ለእኛ ሰፊ ነው።

ወደ ቤታችን የሚቀርበው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደተሰለሉ አሳይቷል። ያን ጊዜ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ (ኦኤምኤን) ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ጃዋር መሐመድ ከዒላማዎቹ አንዱ ነበሩ። በኢሜይል የሚላከው ሊንክ ኢስትአፍሮ የተባለውን የቪዲዮ ድረ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ ይወስዳል። ገጹም «ፍላሽ ፕሌየራችሁ አርጅቷል፣ አፕዴት አድርጉ» ይላል። የሚወርደው ፋይል እውነተኛውን ፍላሽ ፕሌየር ይጭናል፣ ከሥሩ ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም አብሮ ይገባል። ቪዲዮው ስለሚከፈት ማን ይጠረጥራል? ምርመራው ዘመቻውን ያያያዘው ከኢትዮጵያ የመንግሥት አካላት ጋር ነበር።

ማታለያውን ዛሬ ተራ ሌባም ይጠቀምበታል። አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አቋርጦታል፤ ስለዚህ አሁን «ፍላሽ አፕዴት አድርጉ» የሚል ገጽ ሁሉ ውሸታም ነው። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ የሚታደሰው ከራሱ ሴቲንግ ውስጥ ነው። የከፈታችሁት ድረ ገጽ «አውርዱና አድሱ» ካላችሁ ዝጉት።

ከተጠለፋችሁ ያልጫናችሁትን ኤክስቴንሽን አጥፉ፣ የብሮውዘሩን ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው መልሱ። ፓስወርድ የምትቀይሩት ግን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይሁን፤ በታመመው ላይ ከቀየራችሁ አዲሱንም አሳልፋችሁ ሰጣችሁ።

ኮፒ ቤት ስትሄዱ ሰነዳችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ከመሄድ ይልቅ ከስልካችሁ ላኩላቸው፤ ኢሜይላችሁን በሰው ኮምፒውተር አትክፈቱ። የባንክ ገጽማ በፍጹም። ዛሬውኑ ደግሞ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና አካውንታችሁ የትኛው ኮምፒውተር ላይ ክፍት እንደቀረ ተመልከቱ። የማታውቁት ካለ አሁኑኑ አስወጡት።