ሐዲዱ የማን ነው? የአውሮፓ ባቡር ለውድድር ሲከፈት

ከለንደን ወደ ሊድስ በተዘረጋው ሐዲድ ጎን ሁለተኛ ሐዲድ አንጥፎ መወዳደር የሚያዋጣው ባለሀብት የለም። የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያውና የጋዝ ቧንቧውም እንደዚሁ ናቸው፤ አንዴ ከተዘረጉ በላያቸው መደረብ ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህም ብዙ የምዕራብ አውሮፓ መንግሥታት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አውታሩንም አገልግሎቱንም ለአንድ የመንግሥት ድርጅት ሰጥተው ኖሩ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሌላ ሐሳብ ሥር ሰደደ፦ አውታሩ አንድ ቢሆንም በላዩ የሚሠሩት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንግዲያው ሁለቱ ይለያዩ፣ አውታሩ ተቆጣጣሪ ይሰየምለት፣ አገልግሎቱ ለውድድር ይከፈት። ሐሳቡ ክፉኛ የተፈተነው ባቡር ላይ ነው።

መንገዱን ቀድማ ያሳየችው ስዊድን ናት። በ1988 ሐዲዱን ባንቬርኬት ለተባለ መሥሪያ ቤት ሰጥታ ባቡሮቹን ለነባሩ ድርጅት ለኤስጄ ተወች። የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1991 መመሪያ 91/440ን አወጣ። መመሪያው የሐዲዱና የማጓጓዙ ሒሳብ ተለይቶ እንዲያዝ አዘዘ፤ ድርጅቱን ለሁለት መክፈልን ግን ለየአገሩ ፈቃድ ተወው። ጀርመን ሁሉንም በአንድ ጥላ ሥር አቆየች። ብሪታንያ መመሪያው ከጠየቀው እጅግ ርቃ ሄደች።

በጆን ሜጀር ዘመን በወጣው የ1993 የባቡር ሕግ መሠረት ብሪቲሽ ሬይል የተባለው ነባር ድርጅት ከ100 በላይ ወደሚሆኑ ኩባንያዎች ተበታተነ። ሐዲዱና ጣቢያዎቹ የሬይልትራክ ሆኑ፤ የኩባንያው አክሲዮንም በ1996 ለገበያ ቀረበ። ተሳፋሪ የማጓጓዙ ሥራ በ25 ኮንትራቶች ተከፋፈለ። ባቡሮቹ ራሳቸው ለ3 አከራይ ኩባንያዎች ተሸጡ፤ አጓጓዡ የሰው ባቡር ተከራይቶ ይነዳል ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ክፍፍል ግን ተሳፋሪው የማያየው ነበር። ሐዲዱን የሚጠግኑትና የሚያድሱት ክፍሎች ተነጥለው ለተቋራጮች ተሸጡ። በዚህም ሬይልትራክ የብረቱ ባለቤት ሲሆን ብረቱን በእጃቸው የሚያውቁት ሰዎች የሌላ ቤት ሠራተኞች ሆኑ። የትኛው ኩርባ ቶሎ እንደሚበላ ከልምድ የሚመጣው እውቀት በውል ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

የዚህ ክፍፍል ዋጋ ሃትፊልድ በተባለች ከተማ ተከፈለ። ኦክቶበር 17 ቀን 2000 ከለንደን ወደ ሊድስ የሚሄድ ባቡር በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ከተማዋ አጠገብ ካለው ኩርባ ደረሰ። መንኮራኩሮች ለዓመታት ሲረግጡት የኖሩት የሐዲዱ ራስ በደቃቃ ስንጥቆች ተበልቶ ነበርና ባቡሩ ሲያልፍበት ተፈረካከሰ፤ ኋላ ሲሰበሰብ ከ300 በላይ ቁርጥራጭ ሆኖ ተገኘ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ አራቱም የነበሩት ምግብ በሚቀርብበት ፉርጎ ውስጥ ነው። ከ70 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ስንጥቁ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የሚተካው አዲስ ሐዲድም መጥቶ ለወራት ከመስመሩ ጎን ተጋድሞ ቆይቷል። ባለቤቱ አለ፣ ተቋራጩ አለ፣ ብረቱም አለ፤ ሥራውን ጨርሶ የሚያስረክብ ግን አልተገኘም። ይህን ሐቅ ያለ ቁጭት ማንበብ አይቻልም።

ከአደጋው በኋላ የታየው ደግሞ የባሰ ነው። ሬይልትራክ ተመሳሳይ ስንጥቅ ሌላ የት እንዳለ በውል ስላላወቀ ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ የፍጥነት ገደብ ጣለ፤ የአገሪቱ ባቡሮች ለወራት ማዝገም ያዙ። ወጪው አቅሙን በልቶት በኦክቶበር 2001 ኩባንያው በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሥር ገባ። በዓመቱ ሐዲዱን የተረከበው ኔትወርክ ሬይል ለባለአክሲዮን ትርፍ የማያከፋፍል ተቋም ሲሆን፣ ጥገናውን ከተቋራጮች መልሶ የራሱ ሠራተኞች እንዲያከናውኑት አደረገ።

በዚህ የተነሳ ውድድርን በጅምላ መኮነን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በጣሊያን ኢታሎ የተባለው የግል ኩባንያ በኤፕሪል 2012 ፈጣን ባቡሮቹን ሲያሰማራ የመንግሥቱ ትሬኒታሊያ ዋጋ ለመቀነስና አገልግሎቱን ለማሻሻል ተገደደ። ሮምን ከሚላን በ3 ሰዓት ገደማ በሚያገናኘው መስመር ብዙ መንገደኛ አውሮፕላኑን ትቶ ወደ ባቡር ዞረ። ሐዲዱ የትሬኒታሊያ እናት ድርጅት እንደሆነ ቀርቷል፤ ተፎካካሪው ባለንብረት ነውና አዲሱ ኩባንያ በኪራይ እንዳይታነቅ የትራንስፖርት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በ2014 የፈጣን ባቡሮች የሐዲድ ኪራይ እንዲቀንስ ወሰነ። በስፔንም ዊጎ የተባለው ኩባንያ በ2021፣ ኢርዮ የተባለው ደግሞ በ2022 ከነባሩ ድርጅት ከሬንፌ ጋር በማድሪድና ባርሴሎና መካከል መፎካከር ሲጀምሩ ቲኬት ረከሰ፣ ተሳፋሪውም በዛ። በሁለቱም አገሮች ለውድድር የተከፈተው ባቡሩ ነው፤ ሐዲዱን የያዘው ዛሬም መንግሥት ነው። ሃትፊልድ እንዳስተማረው ግን፣ ተቆጣጣሪ ሒሳብ ሲመረምር የብረቱንም ጤንነት ካልመረመረ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ብሪታንያ ራሷ አሁን እየተመለሰች ነው። ፓርላማው በ2024 ባጸደቀው ሕግ የተሳፋሪ ኮንትራቶቹ ጊዜያቸው ሲያልቅ ወደ መንግሥት እንዲዞሩ ተወስኖ፣ ሳውዝ ዌስተርን ሬይልዌይ በሜይ 25 ቀን 2025 በዚህ ሕግ የመጀመሪያው ተመላሽ ሆኗል። ባቡሮቹን ግን ሕጉ አልነካቸውም፤ ኪራያቸው ዛሬም ለግል አከራዮች ይከፈላል።