ቮልቴጅ፣ ጅረት፣ ተቃውሞ፣ አቅም፦ አራት ቃላትና ሁለት ስሌቶች

ሙያዊ ቃል የሚመዘነው በድምፁ ማማር ሳይሆን፣ አጠገቡ ካሉት ቃላት ጋር ሳይደባለቅ የራሱን ጽንሰ ሐሳብ ለይቶ በመያዙ ነው። ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ ኤሌክትሪክ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ብቻውን ሦስት የተለያዩ መጠኖችን ያመለክታል። «ኃይሉ ቀነሰ» ሲባል ቮልቴጁ ማለት ነው፤ «ኃይሉ ስልሳ የሆነ አምፖል» ሲባል በዋት የሚለካው ነው፤ «ብዙ ኃይል ፈጀን» ሲባል ደግሞ ቆጣሪው የሚመዘግበው ነው። በንግግር ጊዜ ዐውዱ ያስረዳል። በስሌት ጊዜ ግን የቃላቱ መደባለቅ የመጠኖቹ መደባለቅ ይሆናል።

፩. የቃላቱ አመራረጥ

ለማነጻጸሪያ የአዋሽን ወንዝ እንውሰድ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖቹን የሚያዞረው ውሃው ብዙ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ከከፍታ ስለሚወርድም ጭምር ነው። ያው ወንዝ የአፋርን ሜዳ አቋርጦ በጂቡቲ ጠረፍ ወዳለው አቤ ሐይቅ ሲቃረብ፣ ውሃ ቢኖረውም ከፍታውን ጨርሷል። ቮልቴጅ በከፍታው ልዩነት ይመሰላል፤ በሰከንድ የሚያልፈው የውሃ ልክ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጅረት ምሳሌ ነው።

«ኮረንቲ» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው «የሚሮጥ፣ የሚፈስ» ማለት ነው። ሕዝቡ ግን «ኮረንቲ ያዘው»፣ «ኮረንቲ ገባልን» እያለ ለኤሌክትሪክ በጠቅላላው ስላዋለው፣ በአምፒር ለሚለካው መጠን «ጅረት» ይሻላል። ለቮልቴጅ «ግፊት» ቢባል፣ ቃሉ ለአየርና ለፈሳሽ ስለተያዘ ያደናግራል፤ ስለዚህ ቮልቴጅ እንዳለ ይቆይ። በኦም ለሚለካው መጠን «እገዳ» አይስማማም፤ እገዳ ፈጽሞ መከልከል ነውና። «እንቅፋት»ም በአንድ ስፍራ ያለ ነገር ነው፤ ይህ መጠን ግን በሽቦው ርዝመት ሁሉ የተሠራጨ ነው። «ተቃውሞ» ማለፍን ሳይከለክል ማዳከምን ስለሚያሳይ ይመረጣል። በዋት ለሚለካው «አቅም» አዲስ አይደለም፤ የማመንጫ ጣቢያን «የማመንጨት አቅም» በሜጋዋት መግለጽ የተለመደ ነው። በኪሎዋት ሰዓት ለሚቆጠረው «ጉልበት» ይበቃል። ቮልት፣ አምፒር፣ ኦምና ዋት ግን ከቮልታ፣ ከአምፔር፣ ከኦምና ከዋት ስም የተወሰዱ ስለሆኑ አይተረጎሙም።

፪. ስሌቱ

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የገለጸው ዝምድና የሚከተለውን ስሌት ይሰጣል፦

ተቃውሞ = ቮልቴጅ ÷ ጅረት

አቅም ደግሞ፣ ከቆቃው ምሳሌ እንደሚታየው፣ የሁለቱ ብዜት ነው፦

አቅም = ቮልቴጅ × ጅረት

ይህን በሥራ ላይ ለማየት ገላፊን እንውሰድ። ከጂቡቲ ጋር የምታዋስነው ይህች የአፋር ከተማ የወደብ ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች መተላለፊያ ናት። የከባድ መኪኖቹ የኤሌክትሪክ መስመር ባብዛኛው ባለ 24 ቮልት ሲሆን፣ የትንንሽ መኪኖች ባለ 12 ቮልት ነው። አንድ ሾፌር ባለሱቁን «ኃይሉ ስልሳ የሆነ አምፖል ስጠኝ» ቢለው፣ ጥያቄው ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሆናል። ባለ 12 ቮልቱ 60 ዋት አምፖል 5 አምፒር ይስባል፤ ተቃውሞውም 12 ÷ 5፣ ማለትም 2.4 ኦም ነው። ባለ 24 ቮልቱ 60 ዋት አምፖል ግን 2.5 አምፒር ብቻ ይስባል፤ ተቃውሞው 9.6 ኦም ነው። አቅማቸው አንድ፣ ተቃውሟቸው ግን አራት እጥፍ የተራራቀ ነው።

ሾፌሩ የመጀመሪያውን አምፖል በ24 ቮልት ላይ ቢያበራው፣ ተቃውሞው ሳይለወጥ ይቆያል ብለን ካሰላን፣ ጅረቱ 10 አምፒር፣ አቅሙም 240 ዋት ይሆናል። ቮልቴጁ በእጥፍ ሲያድግ አቅሙ በአራት እጥፍ አደገ ማለት ነው። በተግባር የአምፖሉ ክር ሲግል ተቃውሞው ስለሚጨምር ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል፤ ይሁንና አምፖሉን ከመቃጠል አያድነውም። ሾፌሩም በሌሊት ጉዞ ላይ ያለ መብራት ሊቀር ይችላል።

ተቃራኒውን በቤት ውስጥ እናገኘዋለን። በ220 ቮልት 15 አምፒር የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አቅሙ 3,300 ዋት ነው፤ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ ቆጣሪው 6.6 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይመዘግባል። ቮልቴጁ በአንድ አምስተኛ ቀንሶ 176 ቢሆን፣ ጅረቱ ወደ 12 አምፒር፣ አቅሙ ወደ 2,112 ዋት ይወርዳል፤ ማለትም ከመቶ 64 ብቻ ይቀራል። «ኃይሉ ትንሽ ቀነሰ» የምትለው ጋጋሪ እንጀራው ለምን እንዳልበሰለላት የሚያስረዳት ይህ ስሌት ነው፤ ትንሽ የቀነሰው ቮልቴጁ ሲሆን፣ ብዙ የቀነሰው አቅሙ ነው።

፫. ማጠቃለያ

«ኃይል» ከተቋማት ስም ይውጣ የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ለሕዝቡ «መብራት ኃይል» የሚለውን መጠሪያ አውርሶታል፤ የኖረ ስም በውሳኔ አይሻርም። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በዕቃ መግለጫና በሙያ ሥልጠና ላይ ግን እያንዳንዱ መጠን አንድ ቃል፣ እያንዳንዱም ቃል አንድ መጠን ሊኖረው ይገባል። ከገላፊው ባለሱቅ ፊት የቆመው ሾፌር «ባለ 24 ቮልት፣ አቅሙ 60 ዋት» ብሎ መጠየቅ ከቻለ ቃላቱ ሥራቸውን ሠርተዋል።