የማያቆሽሽ ሥዕልና የፎገራ ጭቃ

«እጅ የማያቆሽሹ» የሕፃናት መሣያዎች ገንዘብ ሊወጣባቸው ይገባልን? በውኃ የሚሣልበትን ምንጣፍ እንመልከት። የነጭ ሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብርሃንን ይበትናሉ፤ ውኃ ሲሞላቸው ሽፋኑ ብርሃን አሳላፊ ይሆንና ከሥሩ ያለው ቀለም ይታያል። ሲደርቅ ሥዕሉ ይጠፋል። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት እፎይታ መሆኑን አንክድም።

በወረታ ዙሪያ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ግን ዋልካ በነጻ ይገኛል። ይህ ጥቁር ሸክላማ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ ሕፃኑ ያበጀው በሬ በማግሥቱ ቀንዱ ተሰንጥቆ ይገኛል። ጭድ ቢቀላቅልበት ስንጥቁ ይቀንሳል፤ አዋቂዎች ለግድግዳ ምርጊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በምንጣፉ ላይ ስሕተት ከውኃው ጋር ይተናል። እኛ ጭቃውን እንመርጣለን፤ የወስፋት እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ግን ከጨዋታው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።