በቅዝቃዜ ውስጥ የኤሌክትሮን ዝላይ፦ ባዶ ቦታ ለምን ያስፈልጋል?

ጥቂት የፎስፈረስ አቶሞች የተጨመሩበት የሲሊከን ክሪስታል በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን በሚገባ ያስተላልፋል። አንድ የፎስፈረስ አቶም ትርፍ ኤሌክትሮኑን እንዲለቅ የሚያስፈልገው ጉልበት 45 ሚሊኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። በ300 ኬልቪን የሙቀት ጉልበቱ 26 ሚሊኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ቢሆንም፣ ነጻ ኤሌክትሮን ሊይዛቸው የሚችሉ የኳንተም ሁኔታዎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ አብዛኞቹ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ። ፈሳሽ ሂሊየም በሚፈላበት 4.2 ኬልቪን ግን የሙቀት ጉልበቱ ወደ 0.36 ይወርዳል፤ ኤሌክትሮኖቹም ወደየአቶሞቻቸው ይመለሳሉ። በዚህ ስሌት ክሪስታሉ ፈጽሞ ማስተላለፍ የለበትም። ሆኖም በቂ ባዕድ አቶሞች ባሉበት ክሪስታል ውስጥ አነስተኛ ጅረት ሲያልፍ ይለካል። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ባጭሩ ያብራራል።

በኳንተም መካኒክስ መሠረት የኤሌክትሮን ሞገድ ከአቶሙ ወሰን አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ነጻ ሳይወጣ ከአንዱ ፎስፈረስ ወደ ሌላው ሊዘል ይችላል፤ ተቀባዩ አቶም ግን ባዶ መሆን አለበት። ሁሉም አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ከያዙ መዝለያ ቦታ የለም። ባዶ ቦታ የሚፈጥረው በክሪስታሉ ውስጥ አብሮ የሚገኝ እንደ ቦሮን ያለ ሌላ ባዕድ አቶም ነው፤ ከአንዱ ፎስፈረስ ኤሌክትሮን ወስዶ ያስቀራልና። በክፍል ሙቀት የነጻ ኤሌክትሮኖችን ቁጥር በመቀነሱ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ቦሮን፣ በቅዝቃዜ ጊዜ መንገድ ከፋች ይሆናል።

ቅዝቃዜው ሲበረታ ቅርብ የሆነው ቦታ ሁልጊዜ ተመራጭ አይሆንም፤ ኤሌክትሮኑ በጉልበት የሚቀራረበውን ሩቅ ቦታ ሊመርጥ ይችላል። ኔቪል ሞት በ1968 ባቀረበው ስሌት መሠረት የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ሎጋሪዝም የሙቀት መጠኑን ግልባጭ በ1/4 አርቢ ይከተላል። ኤፍሮስና ሽክሎቭስኪ ደግሞ በ1975 የኤሌክትሮኖችን መገፋፋት ሲያካትቱ አርቢው 1/2 ሆነ። በጠባብ የሙቀት ክልል የተወሰዱ ልኬቶች ከሁለቱም ጋር የሚስማሙ ሊመስሉ ስለሚችሉ፣ ተመራማሪው የመተላለፊያውን ዓይነት ከመወሰኑ በፊት ክልሉን ማስፋት ይኖርበታል።

ጉዳዩ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የሚካሄደው የኩኦሬ ሙከራ፣ በ0.01 ኬልቪን አካባቢ በክሪስታሎቹ ውስጥ የሚፈጠረውን እጅግ ጥቂት ሙቀት የሚለካው በጀርማኒየም ቴርሞሜትሮች ነው። ጀርማኒየሙ በኒውትሮን ሲመታ ኤሌክትሮን ተቀባዩ ጋሊየምና ሰጪው አርሰኒክ በአንድነት ይፈጠሩበታል። ቴርሞሜትሩ በዚያ ቅዝቃዜ መሥራት የቻለው እነዚህ ሁለት ተቃራኒ አቶሞች አብረው በመገኘታቸው ነው።